ሟች የሌለበት ድንኳን

በኢትዮጵያ ምድር ለቅሶ ደራሽ የሌለው ሰፈር የለም። ውሃ የማይመጣበት ሰፈር አለ፣ መብራት የሚጠፋበት አለ፣ መንገዱ ተቆፍሮ የተረሳም አለ፤ ለቅሶ ደራሽ የሌለው ግን ካለ አሳዩኝ። እንደ ማንኛችንም ጎረቤት ሲሞት ብቅ ብሎ የሚመለሰውን ሰው ማለቴ አይደለም። መርዶውን ከሟቹ ቤተሰብ ቀድሞ የሚሰማውን፣ ሳይጠራ መጥቶ ሲሸኙት የማይነሳውን ሰው ማለቴ ነው። በእኛ በሸዋ ሮቢት ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት ያለ ሹመት ደብዳቤና ያለ ደመወዝ ይዘው የቆዩት ክብርት እትዬ ዙልፋ ናቸው።

እትዬ ዙልፋ ገበያው ውስጥ የሽንኩርትና የማሾ መደብ አላቸው። አላቸው ይባላል እንጂ እዚያ ቁጭ ብለው ያያቸው ሰው ጥቂት ነው። የምትሸጥላቸው ጎረቤታቸው ሂዳያ ናት። «እትዬ ዙልፋስ?» ሲሏት ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል «ጀውሃ ሄደዋል» ትላለች፤ ወይም «ካራቆሬ ናቸው» ትላለች። ማን እንደሞተ ትነግራችኋለች፤ ስንት ልጅ ትቶ እንደሞተም ትነግራችኋለች።

ሌላው ሰው ሲገናኝ «እንዴት ነህ?» ይባባላል። እትዬ ዙልፋ «ደረስክ?» ነው የሚሉት። የት ብሎ መጠየቅ ራስን ማጋለጥ ነው። ብልህ ሰው «ኢንሻአላህ ዛሬ ከሰዓት» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ክርስቲያኑ እንኳ እንደዚያ ማለት ለምጃለሁ።

አንድ ጊዜ የጎረቤቴ የአቶ ዓለሙ አማት ወንድም ሞቶ ሳልደርስ ቀረሁ። በማግስቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አንተ ንጉሤ፣ ታመህ ነበር?»

«ኧረ ደኅና ነኝ እትዬ።»

«አገር ለቅቀህ ነበር?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

«ሞተህ ነበር?»

«አልሞትኩም።»

«እንግዲያስ ምን ሆነህ ነው?»

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሟቹን በሕይወት እያለ አይቼው አላውቅም፤ ቤተሰቡ ደግነቱን ሲያወሩልኝ ግን ከልቤ አለቀስኩ።

የእትዬ ዙልፋ የለቅሶ ሕግ የሚያወላዳ አይደለም። ድንኳን ሲገቡ «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። አቀርቅሮ መቀመጥና ከሰው ወሬ እየለቀሙ መረዳት ነው። ከተቀመጡ ወዲያ ደግሞ ቶሎ መነሳት የለም። «ለቅሶ መቀመጥ ነው» ይላሉ። «ማልቀስማ ሽንኩርትም ያስለቅሳል።» ሃይማኖትም አያግዳቸውም። ሙስሊሙ ቤት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ ክርስቲያኑ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፤ የሟቹ ሃይማኖት ካልታወቃቸው ሁለቱንም ብለው ይቀመጣሉ።

ከሁሉም በላይ የሚወራላቸው የካራቆሬው ታሪክ ነው። ጋሼ አብዱረሂም የሚባሉ የማሾ ነጋዴ ሞቱ ተባለ። እትዬ ዙልፋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው ግቢው ሲደርሱ «ሟቹን» በረንዳ ላይ ፓፓያ ሲበሉ አገኟቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይመለሳል። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወንበር ስበው «ከመጣሁ አይቀር ልቀመጥ» አሉ። እስከ ዙህር ሰላት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ አብዱረሂም ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ይደውሉና «ገና ነኝ፣ እንዳይደክሙ» ይሏቸዋል።

እኚህ ሴትዮ ከሳይንስ ጋር የተገናኙት እንዲህ ነው።

ባለፈው የካቲት ከተማችንና ዩኒቨርሲቲው በጋራ የሳይንስ ፌስቲቫል አዘጋጁ። ፌስቲቫሉ በየዓመቱ የሚካሄደው ደጋ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር። ወደ እኛ ቆላ እንዲወርድ የታገለችው ቤዛዊት የምትባል ወጣት መምህርት ናት። የምታጠናው የወባ ትንኝ ነው። «ትንኟ ቆላ፣ ማይክሮስኮፑ ደጋ፤ መቼ ሊገናኙ ነው?» እያለች በየስብሰባው አስቸገረች። በመጨረሻ የፌስቲቫሉ ኃላፊ ዶክተር ልዑል «እሺ፣ አንድ ጊዜ እንሞክረው» አሏት። ቃላቸው ግልጽ ነበር። ሰው ከመጣ በየዓመቱ እንወርዳለን፤ ካልመጣ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው እንደሚያዩም ነገሯት።

ሕዝብ የመጥራቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጋዜጣ ላይ አልፎ አልፎ ስለምጽፍ ሰው የሚሰማኝ መስሏቸው ነው። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኜ ከተማውን ዞርኩ፤ «ክቡራትና ክቡራን!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ለፈለፍኩ። አሁን ሳስበው ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። በእኛ አገር በሞንታርቦ የሚጠራ ነገር ሁሉ ስብሰባ ነው፤ ከስብሰባ ለማምለጥ ደግሞ ሰው መስኮት ካገኘ በመስኮት ይወጣል።

በዋዜማው ሌላ መዓት መጣ። ለፌስቲቫሉ የተተከለውን ነጭ ድንኳን የቆላው ነፋስ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። በእኛ ፀሐይ ያለ ጥላ ማይክሮስኮፕ ቀርቶ ግመልም አይቆምም። «እድራችን ድንኳን አለው፣ እንዋሰው» ያልኩት እኔ ነኝ። የእድሩ ንብረት ጠባቂ ጋሼ ሁሴን አላንገራገሩም፤ ግን ሥርዓት አለ። «ድንኳን ብቻውን አይወጣም» አሉ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰሌኑ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ትልቁ ብረት ድስት አብሮ ወጣ።

የሚተክሉት ጎረምሶችም እጃቸው እንደለመደው ተከሉት። አግዳሚው በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ተደረደረ፤ ሰሌኑ ለሐዘንተኛ እንደሚሆን ሆኖ መሐል ላይ ተነጠፈ። ለማይክሮስኮፖቹ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተገኘላቸው። የድንኳኑ ግንባር ላይ የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። በዚህ ላይ የፌስቲቫሉ ቲሸርት ጥቁር ነበር። ከመሐላችን ይህን ሁሉ አይቶ «ይህ ነገር ምን ይመስላል?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ጠዋቱ አለፈ፤ ሰው አልመጣም። በኋላ እንደሰማሁት ሊያዩ የመጡ አንዳንድ ሰዎች ነበሩ፤ ድንኳኑን ከሩቅ ሲያዩ «ለካ ለቅሶ አለባቸው፣ በዚህ ቀን ሳይንስ ብለን ብንገባ ደስ አይልም» ብለው በአክብሮት ተመልሰዋል። ደፍራ የገባችው አንዲት ፍየል ብቻ ናት። እሷም ስለ ዕፅዋት አመጋገብ የሚያብራራውን ፖስተር ቀምሳ ወጣች።

ቤዛዊት በር በሩን ስታይ ቆየችና እግሯ ሲዝል ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷን አቀፈች። ብትውጠው ብትውጠው እንባዋ እምቢ አላት። እኔም አጠገቧ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ፤ ሞንታርቦውን የምጠግን መስዬ ገመድ አፍታታ ነበር።

እትዬ ዙልፋ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው።

ድንኳኑን ያዩት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እሳቸው ያልሰሙት ለቅሶ በገዛ ሰፈራቸው መተከሉ ምን ያህል እንዳዋረዳቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። ሕግ ሕግ ነውና ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ጫማቸውን አወለቁና ሰሌኑ ላይ ከቤዛዊት ጎን ተቀመጡ። ጥቁር ቲሸርቷን አዩ፤ የቀላ ዓይኗን አዩ፤ ባዶውን አግዳሚ አዩ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ልጄ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ለማንኛውም ብለው «እግዜር ያጥናሽ» ጨመሩበት።

ቤዛዊት የገባት አንድ ሰው መምጣቱ ብቻ ነው። ልትነሳ ስትል እጇን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«ተቀመጪ። ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ። ዓመት ሙሉ ስለፋ ከርሜ... ማንም አልመጣም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አልመጣም!» አለችና እውነተኛው ለቅሶ ወጣላት።

እትዬ ዙልፋን እንዲህ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። ሞት ለእሳቸው ያለ፣ የነበረ ነገር ነው። ሰው ያልመጣበት ለቅሶ ግን አይተውም ሰምተውም አያውቁም። «በእኛ አገር?» አሉ። «በሸዋ ሮቢት?» ስልካቸውን ከጉያቸው መዥረጥ አደረጉ።

«ሂዳያ! መደቡን ሸፍኚና ነይ። ድንኳን ተጥሏል። ልጅ እግር ናት፤ ብቻዋን ሰሌን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አይዞሽ የሚላት የለም። ማን እንደሆነ አንቺን ምን አገባሽ? ነይ አልኩሽ!»

ከዚያ ጀውሃ ደወሉ። ጀውሃን ጨርሰው ካራቆሬ ሊደውሉ ሲሉ ነገሩ መስመር መሳቱ ገባኝና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ፣ የሞተ ሰው እኮ የለም። ፌስቲቫል ነው። የሳይንስ ነው።»

ስልኩን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ ልጅቷ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ሰው አልመጣልኝም ብላ ነው። ሰው ካልመጣ ከርሞ ወደዚህ አይወርዱም። አለቃዋ ከሰዓት ሊያዩ ይመጣሉ፤ ባዶ ድንኳን ነው የሚጠብቃቸው።»

እንዳይቆጡ ፈርቼ ነበር። ቤዛዊትን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሰው አልመጣላትም አልክ አይደል?» አሉ። «ታዲያ ከዚህ ወዲያ ሬሳ ምን ያደርግልሃል?»

«የጠሯቸው ሰዎች ግን ለቅሶ መስሏቸው ነው የሚመጡት።»

«ሰው ሞተ አልኩ እንዴ? ወላሂ ከአፌ አልወጣም! ድንኳን ተጥሏል አልኩ፤ ተጥሏል። ልጅቷ ብቻዋን ናት አልኩ፤ ብቻዋን ናት። ዞር በል አሁን፣ ካራቆሬ ልደውል።»

ሰው መጣ። ሂዳያ የገበያውን ግማሽ አስከትላ ደረሰች። ከጀውሃ የምግብ ቤት ሴቶች ንፍሮ በሳፋ ይዘው ወረዱ። ከካራቆሬ አንድ ሚኒባስ ጢም ብሎ መጣ፤ ጋሼ አብዱረሂም በከዘራቸው ተደግፈው ከፊት ወንበር ወረዱ። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው ወገን አቀርቅሮ ተቀመጠ። ማንም ማን ሞተ አላለም። እኔ በሞንታርቦ ለምኜ ያጣሁት ሕዝብ በአንዲት ሴትዮ ስልክ አግዳሚውን ሞልቶ ደጅ ተረፈ።

ቤዛዊት እንባዋን ጠርጋ ዓይኗን አፈጠጠች። ሰዉ ምን ሊያይ እንደመጣ አላወቀችም፤ መምጣቱን ግን ታያለች። እትዬ ዙልፋ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«ተናገሪ እንጂ። የተቀመጠ ሰው ወሬ ይፈልጋል። የለፋሽበትን አውሪላቸው።»

ቀስ በቀስ በየቤታችን በርሜል ውስጥ ስለምትፈለፈለው ትንኝ፣ ክዳን የሌለው ውሃ ምን እንደሚያመጣ ማውራት ጀመረች። ሕዝቡ ራሱን ይነቀንቃል፤ «እህ...» ይላል፤ ከንፈር መምጠጡም አልቀረም። ማንም ስልኩን አይነካም፤ ማንም አይነሳም። እንዲህ የሚያዳምጥ ክፍል አስተምራ እንደማታውቅ በኋላ ነግራኛለች።

«ወባ» የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ራስ መነቅነቁም ከንፈር መምጠጡም ቆመ። ከሴቶቹ መሐል ሒክማ ተነሳች። ሒክማ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ባለፈው መስከረም ትንሹን ልጇን በወባ ቀብራለች። ማንንም ሳታይ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ቤዛዊት ተከተለቻትና በማይክሮስኮፑ እንዴት እንደሚታይ አሳየቻት። ሒክማ አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

«ይህች ናት?»

«ገና እጭ ናት። ስታድግ ትንኝ ትሆናለች።»

«ከየት አመጣሻት?»

«ከዚሁ ከተማ፣ ከአንድ ቤት በርሜል።»

ሒክማ ቀና አለች። «የእኔንም በርሜል እይልኝ» አለቻት። «ሁለት ልጆች ቀርተውኛል።»

የሞተ ሰው የለም ብዬ ለእትዬ ዙልፋ መናገሬ አሳፈረኝ። ከአግዳሚው ሌላ ሴት ተነሳች፤ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፤ ከዚያ ሁሉም ተሰለፈ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ወባ ቤቱን ያላንኳኳችበት ያለ አይመስለኝም። አንዱ ያያል፣ ቀና ይላል፣ እንደገና ያያል፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ከጎኑ ላለው ሰው ስለ ቀበረው ያወራል። ያንን ወሬ ለመስማት የትኛውም ፖስተር ሊጠራን አይችልም ነበር።

ዶክተር ልዑል የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ከመኪናቸው ሲወርዱ ድንኳኑን አዩ፤ ጥቁር የለበሱትን አዩ፤ ያቀረቀረውን ሰው አዩ። ሰውየው ተምረው ዓለምን ዞረዋል፤ ቢሆንም ያደጉት እኛው አገር ነው። ኮፍያቸውን አወለቁና ከወንዶቹ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ብዙ ካቀረቀሩ በኋላ አላስችል ብሏቸው ከጎናቸው ወዳሉት ሽማግሌ ዘንበል አሉ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ማን ነው ያረፈው?»

«እኔም እሱን እየጠበቅሁ ነው» አሉ ጋሼ አብዱረሂም። «እኔ አለመሆኔን ግን አረጋግጫለሁ።»

ዶክተሩ ጠረጴዛውን፣ ሰልፉንና ቤዛዊትን ያዩት ያኔ ነው። ሳቁ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። ሒክማ ግን ቤዛዊትን ይዛ ስለ በርሜሏ ስትጠይቅ ሲሰሙ ኮፍያውን ከአፋቸው አነሱ። ብዙ ሰዓት ተቀመጡ፤ ንፍሮም በሉ። ሲነሱ ቤዛዊትን ወደ ዳር ጠርተው «ከርሞም እንወርዳለን» አሏት። «በየዓመቱ እንወርዳለን። ቲሸርቱን ብቻ ቀለም እንቀይርለት።»

ፌስቲቫሉ የተባለለት ሦስት ቀን ነበር። ለቅሶም ሦስት ቀን ነውና ሰዉ ሦስቱንም ቀን መጣ። የሞተ ሰው እንደሌለ በሁለተኛው ቀን ሁሉም አውቋል፤ የቀረ ሰው ግን አላየሁም። ከንፍሮው ጋር ከየበርሜሉ የተቀዳ ውሃ በሃይላንድ ይዞ ይመጣ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ የሃይላንድ መዓት ተደረደረ፤ የማን የማን እንደሆነ እስኪምታታ ድረስ። ንጹሕ ነው የተባለለት ሰው እልል ይላል፤ እጭ የተገኘበት ሰው ክዳን ሊገዛ ይሮጣል። ቤዛዊት ቁጭ የምትልበት ጊዜ አጣች።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ወደ ቤቱ መበተን ሲጀምር እትዬ ዙልፋ አሁንም ሰሌኑ ላይ ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ እንዳላየኋቸው የታወሰኝ ያን ጊዜ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ሲደውሉ፣ ሰው ሲያስቀምጡ፣ ለቤዛዊት ውሃ ሲያቀብሉ፣ «ብይ እንጂ» ሲሏት ነበር የማያቸው።

«እትዬ ዙልፋ!» አልኩ ከሩቅ። «አንቱ ለመሆኑ እጭዋን አዩዋት?»

«ዝግ ብለህ ተናገር» አሉኝ በእጃቸው እያስታገሱ። «አሁን ገና ነው የወሰዳት።»

ቀረብ ስል ቤዛዊት ከጎናቸው ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ድካሙ አሸንፏታል። ራሷ የእትዬ ዙልፋ ጭን ላይ ነው። እሳቸው በሻርፓቸው ጫፍ ከፊቷ ላይ ትንኝ ያባርራሉ።

«ሦስት ቀን እዚህ ተቀምጠው አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም?»

«ሰዉ ሁሉ ትሏን ሊያይ ሲጋፋ» አሉ እትዬ ዙልፋ፣ «ልጅቷን ማን ይያት?»

ዓመታት ሙሉ በእኚህ ሴትዮ ስቀልድ ኖሬአለሁ፤ ወደፊትም መቀለዴ አይቀርም። ያን ዕለት ግን ሻርፑን ልቀበላቸው እጄን ዘርግቼ «ይረፉ እትዬ፣ እኔ ላባርርላት» አልኳቸው። እምቢ አሉኝ።